ከሉክሰምበርግ የሚመጣ ጨው

ቲ ዜፈሪኖ የሰው ጠባይ ብዙም አይገባቸውም። የዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ ጠባይ ግን የእሳቸውን ያህል የሚገባው ሰው በዚህ ባሕር ዳር አላየሁም። ቲ የምንላቸው አጎታችን ስለሆኑ አይደለም፤ በፔድራ ላርጋ ሰባ ዓመት ያለፈው ወንድ ወደደም ጠላም የሁላችንም አጎት ነው። እሳቸው ደግሞ ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል።

ቤታቸው ከእኔ ቡና ቤት ፊት ለፊት ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መስኮታቸው ሲከፈት ከባንኮኒዬ ሳልነሳ ጠረጴዛቸውን አየዋለሁ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ሦስት ካቻቢቴ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ጣሳ ግራሶና የእንቁላል ካርቶን አለ። ካርቶኑ ለብሎን ነው። ከማጠንጠኛው ሆድ መጀመሪያ የወጣው ብሎን በመጀመሪያው ጉድጓድ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው ይቀመጣል፤ ሲገጥሙ ከኋላ ወደ ፊት ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጠረጴዛቸውን ላጽዳላቸው ብዬ ካርቶኑን ሳነሳው ዘነበለብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ቤት ደጃፍ አልደረሱም።

የእኛ ሰዎች በጀልባ አያጠምዱም። ገደሉ ጫፍ ላይ ዘንጋቸውን ይዘው ይቆሙና ሠላሳ አርባ ሜትር ወደ ታች ክር ይለቃሉ። ማዕበሉ ከታች ድንጋዩን ሲመታ ጉሙ እላይ ድረስ ይወጣና ያለብሳቸዋል። ያ ጉም ጨው ነው። ማጠንጠኛው ደግሞ፣ ያ ዘንጉ ሥር ታስሮ እጀታውን ሲያዞሩት ክሩን የሚሰበስበው ዕቃ፣ ውስጡ በሙሉ ጥርሳጥርስና ኩሽኔታ ነው፤ ጨው አንዴ ከገባበት እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ያኔ ባለቤቱ በጨርቅ ጠቅልሎት ይመጣና ዜፈሪኖ መስኮት ሥር አንገቱን ደፍቶ ይቆማል።

"ባልዲ ውስጥ ነክረኸዋል" ይሉታል ገና ሳይፈቱት።

"ኧረ አልነከርኩም ቲ ዜፈሪኖ! በቧንቧ ነው ያጠብኩት።"

"በቧንቧ! የመኪና ጎማ መሰለህ እንዴ? ውሃው በኃይል ሲመጣ ጨውን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል እንጂ አያወጣውም። ካፊያ አልኩህ፣ ካፊያ! ከማጠብህ በፊትስ ፍሬኑን አጠበቅከው?"

"አ... አላላሁት።"

"አጥብቀህ ታጥባለህ፣ ሲደርቅ ታላላለህ። ስንት ዓመት ልለፍልፍ? ሚስትህን ላካትና እሷን ላስተምራት፣ አንተ አይገባህም።"

ፍሬን የሚሉት ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩን በልኩ የሚለቀውን ክፍል ነው። ሳይጠብቅ ከታጠበ ውሃው በስስ ንጣፎቹ መሐል ይገባል፤ እንደጠበቀ ከከረመ ደግሞ ንጣፎቹ ይጣበቃሉ። ዓሣ ሲሸተኝ ራሴን የሚያመኝ እኔ እንኳን ይህንን በቃሌ አውቀዋለሁ። ወንዶቻችን ግን ሁልጊዜ እንደገለበጡት ነው።

ዜፈሪኖ ሌላም ልማድ አላቸው። ከእያንዳንዱ ማጠንጠኛ ሆድ የጠረጉትን አሸዋና ጨው ስኒ ማስቀመጫ ላይ ያራግፉና ያነቡታል። የሰሜኑ ገደል አሸዋ ጥቁርና ደቃቅ ነው፤ የወንዙ አፍ አሸዋ ግን የተሰባበረ ቅርፊት ያለበት፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ናርሲዞ የሚባል ግንበኛ አለን፣ ድምፁም ውሸቱም ከፍ ያለ። አንድ ጊዜ ክንዱን የሚያህል ዓሣ እየጎተተ እኔ ቤት ገባና "ከሰሜኑ ገደል ነው፣ ጫፉ ላይ ቆሜ!" ብሎ አወራ። ሰው ሁሉ ሁለት ቀን ሰሜኑ ገደል ላይ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። በሦስተኛው ቀን ናርሲዞ ማጠንጠኛውን አመጣ፤ ዜፈሪኖ ፈቱት፣ ስኒ ማስቀመጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አደረጉና፣ "ይሄ ሮዝ ነገር ከሰሜኑ ገደል ነው እንዴ፣ ናርሲዞ?" አሉት፣ እኔ ቤት ደጃፍ የተቀመጠው ሁሉ እየሰማ። በማግስቱ ወንዙ አፍ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ናርሲዞ አንድ ወር አኮረፋቸው። ከዚያ ዕቃው ሲያጉረመርምበት ጊዜ እንደገና አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ወዴት ይሄዳል?

ያኔ ሚስታቸው ላውሪንዳ በሕይወት ነበረች። የታጠቡትን ማጠንጠኛዎች ከሸሚዝና ከአንሶላ ጋር በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ትሰቅላቸው ነበር። ባሏ የማይናገሩትን ሁሉ እሷ ነበረች የምትናገርላቸው። ልጃቸው ኤልደር ከሉክሰምበርግ ሲደውል ስልኩን የምታነሳው፣ የምትጠይቀው፣ የምታለቅሰው፣ የምትስቀው እሷ ናት። በመጨረሻ "አባትህ ሰላም ይልሃል" ትለዋለች። አባትየው ከጠረጴዛው ቀና ሳይሉ ካቻቢቴውን ከፍ ያደርጋሉ። ሰላምታው ይኸው ነበር።

ላውሪንዳ የዛሬ ስድስት ዓመት ሞተች። ኤልደር ለቀብሯ መጣና ሦስት ቀን ቆየ። አባትና ልጅ በሦስት ቀን ውስጥ ያወሩት ሁሉ እኔ ቤት ተደምጦ ያልቃል፦ "በላህ?" "በልቻለሁ።" "ሥራ?" "ደህና ነው።" ኤልደር እዚያ የሕንፃ ክሬን ነው የሚነዳው፤ ከመሬት ስልሳ ሜትር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይውላል። ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል። ይህንንም የነገረችኝ ላውሪንዳ ነበረች። አውቶቡሱን ስንጠብቅ፣ "ኦዴት፣ አባዬ ብቻቸውን እንዴት ይሆናሉ?" አለኝ።

"ሰው የሚፈታ ዕቃ ሲያመጣላቸው ይነሳሉ" አልኩት። "ካላመጣላቸው እንጃ።"

የፈራሁት አልቀረም። በዚያው ሰሞን የታሸጉት ማጠንጠኛዎች መጡ፤ ውሃ አያስገቡም የሚባሉት። ናርሲዞ ከከተማው ሱቅ ሥዕላቸውን ይዞ መጣና የትኛውን ልግዛ ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ "በሉ እንግዲህ፣ ሁሉም እርባና የለውም በሉት" እያልኩ በልቤ እጸልያለሁ።

"ወርቃማውን ተወው፤ ቀለሙ ዓሣውን አይመለከተውም" አሉት። "አንተ እስከ ወገብህ ባሕር ውስጥ የምትገባ ሰው ነህ፣ ማዕበል በላይህ ላይ ይሄዳል። የታሸገውን ግዛ። እጀታው ሥርና ክሩ የሚጠመጠምበት ራስ ሥር የጎማ ማሸጊያ ያለውን። ሱቁ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ እጀታውን አዙረው፤ ጥርሱ በእጅህ ከተሰማህ ለሌላ ሰው ተውለት። አካሉ ብረት ይሁን፣ ፕላስቲኩ ዓሣ ሲጎትተው ይጣመማል። አንድ ነገር ስማኝ ግን፣ በካቻቢቴ እንዳትነካካው። ማሸጊያው አንዴ ከተቆነጠጠ ወንፊት ነው።"

"ገደል ላይ ለሚቆመውስ?"

"ለሱ በአራት ብሎን የሚፈታው ተራው ይበቃዋል። ጨው መግባቱ አይቀርም፣ ቶሎ ከተፈታ ቶሎ ይጸዳል።"

"እኔ ታዲያ ከእንግዲህ ለእርስዎ ምን ላመጣ ነው?" አለ ናርሲዞ እየሳቀ።

"ምንም አታመጣም።"

ሲወጣ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩና፣ "እንጀራዎን በገዛ እጅዎ ይዘጋሉ እንዴ?" ብዬ ጮህኩባቸው። "እና ልዋሸው?" አሉኝ፣ በእውነት ግራ ተጋብተው። ሰው ለምን እንደሚዋሽ ፈጽሞ አይገባቸውም ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ወንዱ ሁሉ፣ ገደል ላይ የሚቆመውም ጭምር፣ የታሸገውን ገዛ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ዕቃ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በወር አንድ፣ ከዚያ ጠፋ። የዜፈሪኖ መስኮት ጠዋት መከፈቱን ትቶ በእኩለ ቀን መከፈት ጀመረ። ከዚያ ጭርሱን የማይከፈትበት ቀን መጣ። ሾርባ ይዤ ስገባ አልጋቸው ላይ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተጋድመው አገኛቸዋለሁ። "አሞኝ አይደለም፣ የምነሳበት ምክንያት አጥቼ ነው" ይሉኛል፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ረጋ ብለው። ያንን ረጋ ማለታቸውን ነው የፈራሁት።

ለኤልደር ደወልኩለት። ረጅም ንግግር አልወድም። "የሚፈታ ነገር ላክላቸው" አልኩትና ዘጋሁት።

በታኅሣሥ እሽግ መጣ። የመንደሩ ፖስታ የሚወርደው እኔ ባንኮኒ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በወፍራም ካልሲ የተጠቀለለ፣ በአራት ብሎን የሚፈታ አሮጌ ማጠንጠኛ ነው፤ ልጁ ሲሄድ ይዞት የሄደው። አንዲት ወረቀትም አለች፦ "አባዬ፣ ይቺ ነገር ታጉረመርማለች፣ እዩልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት የሥራ ጓደኞቼ ጋር፣ ከማሬክና ከሉቺያኖ ጋር፣ በመኪና ወደ ቤልጅግ ባሕር እንወርዳለን።"

መስኮቱ በማግስቱ ጠዋት ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ እሽጉ በየታኅሣሡ መጣ። ዜፈሪኖ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዷን ማጠንጠኛ ፈትተው ያጸዳሉ፤ ኩሽኔታውን በነዳጅ ያጥባሉ፣ ጥርሱን በብሩሽ ይፈትጋሉ፣ ቀጭን ግራሶ ይቀባሉ። "ብዙ ግራሶ ጨውን ይዞ ያስቀረዋል" ይላሉ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ከዚያ እኔ ቤት መጥተው ስለ ማሬክና ስለ ሉቺያኖ ያወራሉ። ልጃቸው በወረቀቷ ላይ በሁለት መስመር የጻፈውን እሳቸው የአንድ ሰዓት ወሬ ያደርጉታል። ማሬክ ፖላንዳዊ ነው፣ ብርድ አይፈራም፣ ግን ቋጠሮ አያውቅም። ሉቺያኖ ጣልያን ነው፣ ዓሣው ከመያዙ በፊት የሚበላበትን መንገድ ያወራል። "ባልዲ ውስጥ የሚነክረው ማሬክ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ" ይላሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማጠንጠኛዋን ሲመልሱ ከእሷ ጋር ሦስት ጥቅል ማርመላታ ያስገባሉ፤ ያንን በቢላ የሚቆረጠውን ደረቁን። አንድ ለኤልደር፣ አንድ ለማሬክ፣ አንድ ለሉቺያኖ። በየጥቅሉ ላይ ስማቸውን በእርሳስ ይጽፋሉ። "ልጄ ብቻውን አይደለም" አሉኝ አንድ ጊዜ ሳጥኑን ስመዝን። የምስኪኑ ሰውዬ ኑሮ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ነበር።

እኔም አምኜዋለሁ። ለምን አላምንም? ደስ የሚል ነገር ነበር።

ከመጀመሪያው እሽግ በፊትም ዓይናቸውን ሞራ መልበስ ጀምሮ ነበር። ሐኪም ቤት ወረፋ ያዝንላቸው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ብሎኑን በጣታቸው ጫፍ ያገኙታል፣ ጥርሱን በጆሮአቸው ያዳምጡታል። አሸዋውን ግን ማንበብ ካቃታቸው ቆየ። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር በምላሳቸው ጀመሩ። ከናርሲዞ ዘንግ የጠረጉትን በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉና ይቀምሱታል፤ "የባሕር ጨው ይመራል" ይላሉ፣ "ምላስ ሥር ላይ ቆይቶ ነው የሚመረው። ደግሞ ፈጽሞ አይደርቅም፣ ከጣትሽ ጋር ይጣበቃል።" እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርጉ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

አምስተኛው እሽግ ባለፈው ታኅሣሥ መጣ። እንደ ልማዴ አድርሼላቸው ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ከመስኮታቸው ጠሩኝ።

"ኦዴት፣ ጨው አለሽ?"

"የምን ጨው?"

"የወጥ ቤት ጨው። አምጪልኝ።"

ዛሬ ደግሞ ምን ሊያበስሉ ነው ብዬ ይዤላቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስኒ ማስቀመጫ ደርድረዋል። በአንደኛው ላይ ከናርሲዞ ዘንግ የጠረጉት ነጭ ቅርፊት አለ። በሁለተኛው ከኤልደር ማጠንጠኛ ሆድ የወጣው። በሦስተኛው የእኔን ጨው ነሰነሱበት።

"ቅመሺ" አሉኝ።

"አብደዋል?"

"ኦዴት፣ እባክሽ ቅመሺ።"

እባክሽ ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ቀመስኩ። የናርሲዞው እርጥብ ነው፣ መጀመሪያ ጨው ጨው አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዬ አጠገብ መረረኝ። የእኔው ደረቅ ነው፣ ጨው ብቻ ነው። የኤልደር ደረቅ ነው። አይጣበቅም። ጠበቅኩ፣ አሁን ይመረኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልመረረኝም።

"አሸዋም የለበትም" አሉ። "በጣቴ ፈለግኩት፣ አንድ ፍሬ የለም። ሦስት ሰው አምስት ክረምት አሸዋ ላይ ቆሞ አንድ ፍሬ አሸዋ ይጠፋል?" ማጠንጠኛዋን አነሷት፣ አስቀመጧት። "ይሄ ልጅ ዕቃውን ሳህን ውስጥ በወጥ ቤት ጨው ነክሮ ነው የሚልክልኝ። ደህናዋን ዕቃ! ምን አደረገችው? ዕቃ እንዲህ ይደረጋል?"

እስካሁን የምቆጭበት ነገር ሳቄ መምጣቱ ነው፤ ስለ ዕቃዋ ነበር የተቆጡት። አልሳቅኩም ግን። "እኔ ነኝ የደወልኩለት" አልኳቸው። "የሚፈታ ነገር ላክላቸው አልኩት። ጨው አድርግበት አላልኩትም። እመቤቴን! አላልኩትም።"

ሞራ የለበሰ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር።

"እንግዲያ ማሬክ የለም ማለት ነው" አሉ።

"ቲ ዜፈሪኖ..."

"ሉቺያኖም የለም። ማርመላታውን ሦስቱንም እሱ ነው የበላው። ብቻውን።"

ያን ቀን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ደንበኛ እያየኝ። ሰው ይየኝ።

ማጠንጠኛዋን እንደሁልጊዜው አጸዷት፣ እንዲያውም ከሁልጊዜው አብልጠው። ግን አላኩም። ጥር መጣ። ካልሲዋ ውስጥ ገብታ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች።

"ይስጡኝና ልላክለት፣ ምን ሆነዋል?" አልኳቸው።

"ይምጣና ይውሰድ።"

"የሚመጣ ሰው ቢሆን በአምስት ዓመት ውስጥ አይመጣም ነበር? እርስዎና ልጅዎ ያላችሁ እሷ እሽግ ብቻ ናት። እሷን ካቋረጡ ምን ይቀራችኋል?"

"ምንም" አሉኝ። "ምንም ከሌለ ደግሞ እንወቀው።"

ግትር ሽማግሌ! መስኮቱ እንደገና እኩለ ቀን ላይ መከፈት ጀመረ፤ በየካቲት ጭርሱን ተዘጋ። ሾርባዬ ሳይነካ ይመለሳል። ናርሲዞ እንኳን፣ ለእኔ ይሁን ለእሳቸው አላውቅም፣ አዘነና የታሸገውን ማጠንጠኛውን ይዞ መጥቶ "አጉረመረመብኝ" አላቸው። እጀታውን አንዴ አዞሩትና "ምንም አልሆነም፣ ሂድ" ብለው መለሱለት። ይዋሹልኛል ብሎ ነበር ድሀው።

በየካቲት መጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

"ኦዴት፣ የአባዬ እሽግ ዘገየ።"

"አልዘገየም። አልተላከም።"

"ታመሙ እንዴ?"

"ቀመሱት።"

"ምኑን?"

"ጨውህን ነዋ! ይህን ሁሉ ዓመት አባትህን አታውቃቸውም? በሙሉ ዕድሜያቸው ያጠቡትን ነገር አይለዩትም ብለህ ነው?"

ክሬኑ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ነፋስ ይሰማኛል። "ማሬክ ነበር" አለኝ በመጨረሻ። "የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነበር። ከዚያ ወደ አገሩ ገባ። ሉቺያኖን... ሉቺያኖን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የቤልጅግን ባሕር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ብቻዬን ሄጄ፣ ነፋስ ነበር፣ ከመኪናው ሳልወርድ ተመለስኩ።"

"ና" አልኩት።

"ምን ብዬ ልምጣ?"

"ዕቃህን ልትወስድ።"

በመጋቢት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን ከአውቶቡስ ወረደ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ግን ከአባቱ ይልቅ ሸብቷል። እኔን ሰላም ሳይለኝ መንገዱን ተሻገረ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ጠዋት ሄጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። አባትየው ጠረጴዛው ጋ ተነሥተው ቆሙ። አልተቃቀፉም። ካልሲዋን ከመደርደሪያው አውርደው ሰጡት። ማጠንጠኛዋን አወጣትና እጀታዋን አዞራት። ድምፅ የላትም።

"ለስላሳ ናት" አለ ኤልደር።

"ለስላሳ ናት" አሉ።

ከዚያ ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። መጋረጃዬን ጎተትኩት፤ የማላየው ነገርም አለ።

ዕለት ዕለት ወደ ገደሉ ወጡ። አባትየው ስለማያዩ ከኋላ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ የክሩን ድምፅ እያዳመጡ። ናርሲዞ ሊሰልል ሄዶ ነበርና፣ "ምን ምን ያወራሉ?" አልኩት።

"ምንም! ሽማግሌው 'ፍሬን' ይላሉ፣ ልጁ 'እሺ' ይላል። ሁለት ሰዓት ቆሜ የሰማሁት ይኸው ነው። በረደኝና ተመለስኩ።"

ቅዳሜ እኔ ቤት ምሳ በሉ። በልተው ሊጨርሱ ሲሉ፣ ዜፈሪኖ ሹካቸውን አስቀመጡና፣

"ማሬክ ማርመላታውን ወዶት ነበር?" አሉ።

ኤልደር ቀና ብሎ አያቸው። ድስቱን ይዤ ባለሁበት ቆምኩ።

"ወዶት ነበር፣ አባዬ" አለ። "በመጀመሪያው ዓመት። ግማሹን ለእናቱ ልኮላት ነበር።"

"ጥሩ" አሉ፣ ሹካቸውን መልሰው አነሱ። በእውነት ደስ ብሏቸው ነበር።

እሁድ ጠዋት ገና ጎሕ ሲቀድ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። አንድ ትልቅ ማዕበል መጥቶ ልጁን ከራስ እስከ እግሩ አለበሰው፣ እየሮጡ ሲመለሱ አውቶቡሱ ሊነሳ ነበር። ኤልደር እርጥብ ሸሚዙን እኔ ቤት ቀየረ፤ ማጠንጠኛዋን አባቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። "አላጠብኳትም አባዬ" አለ። "ተዋት" አሉት። በነሐሴ እመጣለሁ አለ። ይመጣ ይሆናል፣ አይመጣም ይሆናል፤ ክሬን የሚነዳ ሰው ነው፣ ፈቃዱ የአለቃው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ በዛብኝና ለአንድ ሳምንት ያህል ሾርባውን በር ላይ እያቀበልኩ ተመለስኩ። በስምንተኛው ቀን ገባሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ዜፈሪኖ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፣ ማጠንጠኛዋ ልጁ ባስቀመጣት ቦታ ላይ ናት። ጨው ነጭ ሆኖ ወጥቶባታል፤ እጀታዋ ሥር አረንጓዴ ዝገት ጀምሯታል።

"እርስዎ ነዎት ይህንን የሚያደርጉት?" አልኳቸው። "ዕቃን አንድ ሰዓት ጨው ላይ ያቆየ ሰው አያጥምድ ይሉ የነበሩት?"

ጣታቸውን አካሏ ላይ አሳለፉና ወደ እኔ ዘረጉት። "ቅመሺ።"

ዘንድሮ ስንቱን ሊያስቀምሱኝ ነው ብዬ ቀመስኩ። ተጣበቀብኝ። ቆየሁ። ጉሮሮዬ አጠገብ መረረኝ።

"መረረሽ?"

"መረረኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደጠገበ ሰው።

"በሉ እንግዲህ ይጠቧት፣ ልትበላሽ ነው" አልኳቸው።

"ትበላሻለች፣ አውቃለሁ።" እጃቸውን ከላይዋ አነሱና መልሰው አኖሩባት። "ግን ካጠብኳት ልጄ ሄደ ማለት ነው።"

መንገዱ ማዶ ናርሲዞ ባንኮኒዬን እየደበደበ ስሜን ይጠራል። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።